ዓይኑ ከተመታ 2 ዓመት አልፎታል፣ ግፊቱ አሁን ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ይሠራል። ከ2 ዓመት በፊት ጭነት የሚያስሩበት የጎማ ላስቲክ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ዓይኑ ውስጥ ደም ቋጥሮ ነበር። ጠብታ ሰጡት፣ በ10 ቀን ደሙ ጠራ፣ ‹ድነሃል› ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ሲቀላበት ያንኑ ጠብታ ከፋርማሲ እየገዛ ይጨምራል። ባለፈው ወር ለመነጽር ሲመረመር የግራ ዓይኑ ግፊት 34፣ የቀኙ 15 ሆኖ ተገኘ። ግላኮማ ነው አሉት። እናታችን ‹ይህ የሽማግሌ በሽታ ነው› ትላለች። ደም ግፊት ስላለባት ከእሷ የወረሰው መስሏታል። ጎረቤት ደግሞ ‹ሞራ ነው፣ ይገፈፍለት› ይላል። ከአደጋው ጋር ይገናኛል? ኦፕሬሽን ቢደረግ ይድናል? ወደ ደህናው ዓይኑስ ይሻገራል?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ይገናኛል። በአንድ ወጣት ላይ አንዱ ዓይን 15፣ ሌላው 34 ከሆነ፣ ከፍ ያለው ደግሞ ያ የተመታው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምቱ ነው። ነገር ግን «ከአደጋ የመጣ ግላኮማ» ማለት ገና ግማሽ መልስ ነው። የተመታ ዓይን ግፊቱ የሚጨምርበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱን የሚያሽለው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። በወንድምዎ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ እሱም ያ ከፋርማሲ የሚገዛው ጠብታ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የተምታታውን ላስተካክል። የዓይን ግፊትና የደም ግፊት በስም ይመሳሰላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። ክንድ ላይ የሚለካው የደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ዓይን ላይ የሚለካው ዓይን ውስጥ የሚመላለሰው ንጹሕ ውሃ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ የእናትዎ ደም ግፊት ወደ ልጃቸው ዓይን አልወረደም፣ እሳቸውም ራሳቸውን አይውቀሱ። ግላኮማ በብዛት የሚታየው ከ40 ዓመት በላይ መሆኑ እውነት ነው። ከአደጋ የሚመጣው ግን ዕድሜ አይመርጥም። እንዲያውም የሚመቱት ልጆችና የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ወጣት ወንዶች ስለሆኑ፣ እኛ ጋ የሚመጡትም አብዛኞቹ እነሱ ናቸው።

ሞራም አይደለም። ሞራ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በሌላ ይተካል፣ ሰውየው ተመልሶ ያያል። ግላኮማ የሚጎዳው ከዓይን ጀርባ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው። ነርቭ አይገፈፍም፣ አይተካም። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። ይህን ማለት ለእኔም ይከብደኛል፣ ግን «ኦፕሬሽን ቢደረግ ይድናል?» ለሚለው ጥያቄዎ እውነተኛው መልስ ይኸው ነው። ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው። የቀረው ብዙ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዓይኑ ውስጥ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ከአይሪሱ፣ ማለትም በብሌኑ ዙሪያ ካለው ባለቀለም ክፍል ጀርባ ውሃ የሚያመነጭ አካል አለ። ውሃው በዓይን ብሌን ቀዳዳ በኩል ወደ ፊት ይወጣና፣ አይሪሱ ከፊተኛው መስታወት፣ ማለትም ከኮርኒያ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ባለ ወንፊት አልፎ ይወጣል። የሚመነጨውና የሚወጣው እኩል ሲሆን ግፊቱ በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ይህ ውሃ ከእንባ ጋር አይገናኝም። ብዙ ሰው «ዓይኔ ስለሚያለቅስ ውሃው እየወጣ ነው» ይለኛል። እንባ ከውጭ ነው፣ ይሄ ከውስጥ።

ላስቲኩ ዓይኑን ሲመታው፣ ዓይኑ ለቅጽበት ከፊት ወደ ኋላ ተጨፈለቀ፣ ወደ ጎን ተለጠጠ። ውሃ አይጨመቅም። መውጫ ሲያጣ በሙሉ ኃይሉ ወደዚያ ማዕዘን ሄደ። እዚያ ያለው ጡንቻ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ሥሮች ተበጠሱ፣ ደም ፈሰሰ። እናንተ ያያችሁት ደሙን ነው። የማዕዘኑ ስንጥቅ ግን በመስታወት ፊት ቆሞም ሆነ በተራ ባትሪ አይታይም።

የደሙን ነገር በቅርብ ላሳይዎ፣ ምክንያቱም ከዚያ ብዙ ነገር ይታወቃል። ሰውየው ቁጭ ሲል ደሙ እንደ ቡና አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላዩ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ደሙ የሞላው ከአይሪሱ ፊት ካለው ክፍተት ከሲሶው በታች ከሆነ ቀላል እንለዋለን። ከግማሽ ካለፈ ከባድ ነው። ሙሉ ለሙሉ ሞልቶ ከጠቆረ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ግፊቱ ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ደሙ ጥቂት ቢሆንም ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ድረስ እንደገና ሊፈስ ይችላል፤ ሁለተኛው መፍሰስ ከመጀመሪያው ብሶ ይመጣል። ለዚህ ነው በዚያን ሰሞን ራሱን ቀና አድርጎ ይተኛ፣ ሸክም ይተው፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰድ የምንለው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ግፊቱ በመድኃኒት ካልወረደ ደሙን አጥቦ ማውጣት ይመጣል። ብዙዎቻችን የምንሠራበት ልክ አለ፦ 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖ 5 ቀን ከቆየ፣ ወይም 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ 7 ቀን ከቆየ መታጠብ አለበት። ነርቩ አስቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ይህን ያህል አንጠብቅም። ኮርኒያው በደም መበከል ከጀመረም እንዲሁ፤ ቡናማ ቀለም ይይዝና ለመጥራት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። በልጅ ላይ ሲሆን ዓይኑ ማየት ሳይለምድ ይቀራል።

ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት የሚመጣው። ወንፊቱ በደም ሴሎች ይዘጋል፣ ወይም ከምቱ በኋላ በሚመጣ ብግነት ያብጣል። አብዛኛው በጠብታ ያልፋል። ወንድምዎ ይህን ምዕራፍ አልፎታል።

ሁለተኛው ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚመጣ ነው። ደም ከሌንሱ ጀርባ ባለው ዝልግልግ ክፍል ውስጥ ከፈሰሰ እዚያ ይከርማል። ቀይ የነበሩት ሴሎች ቀለማቸውን ያጣሉ፣ ደርቀው ይጠነክራሉ፣ የካኪ ጨርቅ መልክ ይይዛሉ። ከዚያ ወደ ፊት ሾልከው ወንፊቱን ይደፍኑታል። ዓይኑ ብዙም ሳይቀላ ግፊቱ 40 እና 50 ሊደርስ ይችላል። ብግነት ነው ተብሎ ጠብታ ቢደጋገምበት ዋጋ የለውም፤ መታጠብ ነው ያለበት። ሌንሱም በምቱ ሊላቀቅ ይችላል። ወደ ፊት መጥቶ መንገዱን ሲዘጋው፣ ወይም ሽፋኑ ተቀዶ ውስጡ ሲፈስ ግፊት ይጨምራል። እዚህ ላይ የጎረቤታችሁ ነገር ትንሽ እውነት ይኖረዋል፤ ጥፋቱ የሌንሱ ከሆነ ሌንሱን ማውጣት ሕክምና ነው። ሌንሱ በቦታው መሆኑን ሳያዩ «ይገፈፍ» ማለት ግን አይሆንም።

ሦስተኛው የወንድምዎ ይመስለኛል። የተሰነጠቀው ማዕዘን ይድናል፣ ሲድን ግን ጠባሳ ይተዋል። ወንፊቱ በጠባሳ ቀስ እያለ ይደፈናል። ይህ ወራት፣ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል። የተሰነጠቀ ማዕዘንና ግላኮማ የሚያያዙ መሆናቸውን ዎልፍና ዚመርማን የተባሉ ሐኪሞች በ1962 እ.ኤ.አ. በግልጽ አሳይተዋል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በሽተኛው ግን እስከ ዛሬ ሳይነገረው ይሄዳል። ዓይናቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሆነ ያህል ስንጥቅ አላቸው። ከእነዚህ መካከል በ10 ዓመት ውስጥ ግላኮማ የሚይዛቸው ከ100 ሰው 6 እስከ 9 ያህሉ ናቸው። ስንጥቁ ከማዕዘኑ ዙሪያ ግማሹን ካለፈ አደጋው ይበልጣል። ስለዚህ የተመታ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ማን እንደሚታመም ግን ካልለካን አናውቅም።

አንድ ሰው ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጋሪ ነጂ ነበር። ከ11 ዓመት በፊት ጅራፍ ዓይኑን መትቶት፣ አብጦ፣ ቀልቶ፣ በራሱ ጊዜ ለቆት ነበር። የመጣው ለመነጽር ነው። ደህናውን ዓይኑን በእጄ ሸፍኜ በተመታው እንዲያየኝ ጠየቅሁት። «አፍንጫዎ ይታየኛል፣ ጆሮዎ የለም» አለኝ። 11 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላመመውም። ሁለቱንም ዓይኑን ገልጦ ስለሚያይ ደህናው የታመመውን ሲሸፍንለት ኖሯል። ግላኮማ ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል፤ መሐሉ ሲነካ ነው ሰው የሚነቃው። ወንድምዎ በመነጽር ምርመራ ሰበብ በ2 ዓመቱ መገኘቱ እድል ነው፣ እባካችሁ አታባክኑት።

ከዚህ ውጭ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ሹል ነገር ወግቶት የተቀደደ ዓይን ውስጡ ሊጣበቅ ይችላል፤ አይሪሱ ከማዕዘኑ ጋር ተጣብቆ ወንፊቱን ይዘጋዋል። ብረት በመዶሻ ሲቀጠቀጥ የገባ ስንጣሪ ውስጥ ቀርቶ ዝገቱ ወንፊቱንም፣ ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ሬቲናንም ይመርዛል። ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ የባትሪ አሲድ የገባበት ዓይን ደግሞ ሁለት ጊዜ ግፊት ይመጣበታል፦ አንዴ ወዲያው፣ አንዴ ከጠባሳው በኋላ። ራሱን ክፉኛ ተመትቶ ዓይኑ ወደ ውጭ የገፋ፣ የቀላ፣ በጆሮው ከልብ ምቱ ጋር የሚሄድ የሹክሹክታ ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ፣ ችግሩ ከዓይኑ ጀርባ ያሉት የደም ሥሮች ጋ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ትልቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ጠብታው። ዓይን ሲቀላ ከፋርማሲ የሚገዛው፣ «ወዲያው ያነጣል» የሚባለው ጠብታ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን አለበት። ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ብቻውን ወይም ከአንቲባዮቲክ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ለተመታ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኛም እናዝዘዋለን፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያዘዘው ሐኪም በወቅቱ አልተሳሳተም። ችግሩ የመጣው ጠብታው ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ የቤት ዕቃ ሲሆን ነው። ከ3 ሰው አንዱ ያህል ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲጨምር የዓይኑ ግፊት በመጠኑ ይወጣል። ከ100 ሰው 5 ያህሉ ላይ ደግሞ በጣም ይወጣል። የሚያሳዝነው፣ ጠብታው ዓይኑን ስለሚያነጣው ሰውየው እየዳነ ይመስለዋል። ውጭው ይነጣል፣ ውስጡ ይጠፋል። ጠብታው ሲቆም ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እስከ 4 ሳምንት ይወርዳል፤ ለዓመታት ሲጨመር ከቆየ ግን ላይወርድም ይችላል። የተጎዳውም ነርቭ አይመለስም።

ወንድምዎ ጠብታውን ግራው ላይ ብቻ ነው የጨመረው? እንደዚያ ከሆነ 34 እና 15 የሚለው ልዩነት ሙሉ በሙሉ ከጠብታው ሊመጣ ይችላል። ወይም ከስንጥቁ። ወይም ከሁለቱም፣ እኔ የማደላው ወደዚህ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ማንም ሊለየው አይችልም። ስለዚህ በራሱ እየገዛ የሚጨምረውን ከዛሬ ጀምሮ ያቁም። ይህን የምለው ለእሱ ነው፤ ሐኪም ለብግነት ያዘዘለት ሌላ ሰው ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም።

ቁጥሩ ያልነገረንን የሚነግረን የማዕዘን ምርመራ ነው። ጎኒዮስኮፒ ይባላል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረግና ትንሽ ባለመስታወት ሌንስ ዓይኑ ላይ ይቀመጣል፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ማዕዘኑን ዙሪያውን ያያል። አያምም፣ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። በደህና ዓይን ላይ ከአይሪሱ ሥር ቀጭን ግራጫ ቀበቶ ይታያል። በተሰነጠቀ ዓይን ያ ቀበቶ በአንድ በኩል በድንገት ይሰፋል፣ እንደተበላ ወንዝ ዳር። ልዩነቱ የሚታየው ከደህናው ጋር ሲነጻጸር ስለሆነ ሁለቱም ዓይኖች መታየት አለባቸው። ደም በፈሰሰ ሰሞን ዓይኑን ላለመጫን ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንጠብቃለን። ከዚያ በኋላ ግን አለማየት ምክንያት የለውም። ወንድምዎ «ድነሃል» ሲባል ይህ ምርመራ አልተደረገለት ይሆናል። ደሙ መጥራቱ መጨረሻ ሳይሆን ምርመራው የሚጀመርበት ቀን ነበር።

ከዚያ ጋር ብሌኑ ተከፍቶ ነርቩና ሬቲናው ይታይ። ማዕዘኑን የሰነጠቀ ምት ሬቲናውንም ዳር ላይ ሊቀድድ ይችላል፤ ያልታየ ቀዳዳ ሬቲናውን ይልጠዋል። የእይታ ዳርቻ ምርመራም ይደረግ። የነርቩ ፎቶ ወይም ኦሲቲ የሚባለው የነርቩን ውፍረት የሚለካ የምስል ምርመራ ካለ በጣም ጥሩ፣ ከሌለ ሐኪሙ የነርቩን ጉድጓድ ልክ በካርዱ ላይ ሥሎ ይጻፍ። የዛሬ ዓመት የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው።

አሁን ሕክምናው። የሚጀመረው በጠብታ ነው። በብዛት የሚገኘውና ዋጋው የሚቀለው ቲሞሎል ነው፣ ውሃው የሚመነጭበትን መጠን ይቀንሳል። አስም ያለበት ወይም የልብ ምቱ ቀርፋፋ የሆነ ሰው ግን አይወስደውም፤ ጠብታ ቢሆንም ወደ ደም ይገባል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ከረሳ ራሳችሁ ንገሩት። ዶርዞላማይድና ብሪሞኒዲን ተጨማሪ ናቸው፤ ብሪሞኒዲን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ላታኖፕሮስት ማታ አንዴ ብቻ ስለሆነ ይመቻል፣ ዓይኑ ውስጥ ብግነት ካለ ግን ይቆይ። አንድ የአዳማ ነገር ልንገርዎ፦ የተከፈተ ላታኖፕሮስት ከ25 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፣ ከ6 ሳምንት በኋላም ይጣላል። ጋቢና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ የሚውል ብልቃጥ መድኃኒትነቱ ይቀንሳል። ቤት ጥላ ቦታ ወይም ፍሪጅ ይሁን።

ግፊቱ በጣም ሲወጣ ዳያሞክስ ኪኒን እንሰጣለን። ጣት ያደነዝዛል፣ ያሸናል፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙን ያጣል። የኩላሊት ሕመም ወይም ጠጠር ያለበትና የሰልፋ መድኃኒት የሚቆጣው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ለሳምንታት ይጠቅማል፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ግን አይደለም።

ከሌላው ግላኮማ የሚለይበት ቦታ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ፓይሎካርፒን የሚባለው ብሌን የሚያጠብ ጠብታ ለተሰነጠቀ ማዕዘን አይሰጥም። ለውሃው የቀረችውን የጎን መውጫ ስለሚያጠብበት ግፊቱ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ወንፊት ላይ የሚተኮሰው ሌዘርም ለዚህ ዓይነት ግላኮማ ውጤቱ ደካማ ነው። «ሌዘር ካለ ለምን በጠብታ ይሰቃያል» ብሎ ብር ለሚቆጥር ቤተሰብ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፦ ጠባሳ የሆነ ወንፊት በሌዘር አይከፈትም።

ኦፕሬሽን የሚመጣው ጠብታው በትክክል እየተደረገ ግፊቱ ካልወረደ፣ ወይም ቢወርድም ነርቩ መጎዳቱ ከቀጠለ ነው። ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ከላይኛው ቆብ ሥር ለውሃው አዲስ መውጫ ይከፈታል። የተመታ ዓይን ግን ጠባሳ የመሥራት ጉልበቱ ከሌላው ይበልጣል፣ ወጣት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የከፈትነውን መልሶ ይደፍነዋል። ስለዚህ ማይቶማይሲን በሚባል ጠባሳ የሚያዘገይ መድኃኒት ታግዞ መሠራት አለበት፤ ያለሱ የመክሸፍ እድሉ ከፍ ይላል። ያም ካልሆነ ትንሽ ቧንቧ ይተከላል። እይታው ባለቀ፣ ሕመም ብቻ በቀረው ዓይን ላይ ደግሞ ውሃ አመንጪውን አካል በሌዘር ማዳከም ይቻላል። ከኦፕሬሽን በኋላ ዓይኑ በኢንፌክሽን የመያዝ አደጋው ዕድሜ ልክ ነው፤ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም እይታው ከደበዘዘ የዚያኑ ቀን መምጣት አለበት። ይህን ሁሉ አውቆ የሚገባበት እንጂ «ተሠርቶ ይገላገል» የሚባልበት አይደለም። ለወንድምዎ አሁን ኦፕሬሽን አልመክርም። ስቴሮይዱ ሳይቆም፣ ማዕዘኑ ሳይታይ፣ ጠብታ ሳይሞከር የሚያስቸኩለውን ሰው አትስሙ።

ወደ ደህናው ዓይን መሻገር ስላሉት፦ አይሻገርም፣ ተላላፊ አይደለም። ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከተሰነጠቀ ማዕዘን ግላኮማ የያዛቸው ሰዎች ያልተመታው ዓይናቸውም በኋላ ግፊቱ ሲጨምር በብዛት ታይቷል። ምናልባት ወንፊቱ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፤ ምቱ የአንዱን አፈጠነው። ስለዚህ 15 ያለው ቀኝ ዓይን በየቀጠሮው ይለካ። ወንድምና እህቶቹም፣ እርስዎን ጨምሮ፣ አንድ ጊዜ ብትለኩ ደግ ነው።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ነገ ዓይኑ ሊመታ ይችላልና ጥቂት ልጨምር። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ፣ በገና ሰሞን ዱላ፣ በሌላው ጊዜ ድንጋይና ወንጭፍ ልጆችን ያመጡብናል። የተመታ ዓይን አይታሽም፣ አይጫን፣ በጨርቅ አይታሰር። የእናት ጡት ወተትም ሆነ ቅጠል አይጨመርበት። የፕላስቲክ ኩባያ ታች ተቆርጦ ዓይኑን ሳይነካ እንደ ጋሻ ተሸፍኖ ይምጣ። የወጋው ነገር ዓይኑ ላይ ከቆመበት ማንም አይንቀለው። ኖራ፣ ሲሚንቶ ወይም አሲድ ከገባ ግን ተቃራኒው ነው፦ እዚያው ቦታ፣ በተገኘው ንጹሕ ውሃ፣ ቆቡን ገልጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማጠብ። መጀመሪያ ውሃ፣ ሐኪም ቤት ከዚያ። ብረት እየቀጠቀጠ ዓይኑን የመታው ሰው ትንሽ ነገር መስሎት እንዳይተወው፣ ራጅ ይነሳ፤ ብረት ሊኖር የሚችልበት ዓይን በማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ውስጥ አይገባም።

ለወንድምዎ ምክሬ ይህ ነው። የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ያለበት ቦታ በዚህ ሳምንት ይሂድ፤ መነጽር ቤት አይበቃም። አዳማ ውስጥ ካልተሳካ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የቆየ የዓይን ክፍል አለው። እስከዚያ ድረስ ዓይኑን በኃይል ካመመው፣ ካስመለሰው፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ካየ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ «ከ2 ዓመት በፊት በላስቲክ ተመትቻለሁ፣ ደም ነበረው» ብሎ ይጀምር፤ ሳይጠየቅ። ከዚያ «ማዕዘኑ ይታይልኝ» ይበል። ይህን ማለት ድፍረት አይደለም፣ መብቱ ነው። ጠብታ ከታዘዘለት አንዱን ጨምሮ ዓይኑን ይጨፍን፣ በአፍንጫው በኩል ያለውን ጥግ 2 ደቂቃ በጣቱ ይጫን፤ ሁለተኛው ጠብታ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይሁን። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይለካ፣ ስቴሮይዱ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው የሚታወቀው ያኔ ነው። ግፊቱ ወርዶ ቢገኝ እንኳ ስንጥቁ ካለ በየዓመቱ መለካቱ ዕድሜ ልኩን ነው።

ሲሄድም ያንን የጠብታ ብልቃጥ፣ ባዶውንም ቢሆን፣ በኪሱ ይዞ ይሂድ። ሐኪሙ ስሙን አንብቦ ብዙ ነገር ያውቅበታል።